ጣና መሃል ደንገል የበቀለበት ዘመን

ግልገል አባይ ጣናን ሰንጥቆ ያልፋል እንጂ ከሐይቁ ውሃ ጋር አይቀላቀልም ይባላል። ጎጃም ተወልዶ ይህን ሳይሰማ ያደገ ሰው ያለ አይመስለኝም። መቀላቀል አለመቀላቀሉን ለሌላ ቀን እናቆየው። የዛሬው ጉዳይ ከዚያ ይብሳል። አባይ የሚሰነጥቀው ሐይቅ ጭራሽ ያልነበረበት ጊዜ ነበር።

ጣና ደርቆ ያውቃል። ጎደለ፣ ከዳር ሸሸ ማለቴ አይደለም። ደረቀ። ከዚያ ውሃው ቀስ እያለ ሲመለስ፣ ዛሬ 14 ሜትር ገደማ ጥልቀት ባለው የሐይቁ ክፍል ላይ ደንገል በቀለ። ያ ደንገል ሞቶ፣ ተደራርቦ፣ በጭቃ ተሸፍኖ እስከ ዘመናችን ቆየ። ተመራማሪዎች አውጥተው ዕድሜውን ሲለኩት ከ16,700 ዓመት በፊት የጀመረ ሆኖ ተገኘ።

ጥናቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2007 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) «ኳተርነሪ ሳይንስ ሪቪውስ» በተባለው መጽሔት ላይ ነው። የመጀመሪያው ጸሐፊ በዌልስ የአበሪስትዊዝ ዩኒቨርሲቲው ሄንሪ ላምብ ናቸው። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መሐመድ ዑመር፣ እንዲሁም በጣና ዓሣ ምርምራቸው የሚታወቁት እሸቴ ደጀን አብረዋቸው ሠርተዋል። ስለዚህ ጥናት የሚያወራ ሰው ብዙውን ጊዜ «ጣና ደርቆ ነበር» የሚለውን ይዞ ይሮጣል። ደንገሉንም የድርቁ ምስክር ያደርገዋል። እኔ የማነሳው እዚህ ጋ ነው። ደንገሉ የመሰከረው ድርቁን ሳይሆን የዝናቡን መመለስ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ታሪኩን ግን ይገለብጠዋል።

ረግረግ ምን ይዞ ይቆያል?

ተክል ሲሞት ይበሰብሳል። የሚያበሰብሱት ጥቃቅን ሕያዋን ግን አየር ይፈልጋሉ። ረግረግ ውስጥ ውሃው አየሩን ይዘጋባቸዋል። ስለዚህ ቅጠሉም ሥሩም በከፊል በስብሶ ይቆማል። በላዩ ሌላ ይወድቃል፣ በዚያ ላይ ደግሞ ሌላ። እንዲህ ሲከማች የሚገኘውን ጠቆር ያለ፣ ጭረት ጭረት የበዛበት ነገር ባለሙያዎቹ ፒት ይሉታል። አደራደሩ እንደ መሶብ እንጀራ ነው፤ ከሥር ያለው ቀድሞ የተጋገረው ነው።

ፒትን እንደ መዝገብ ማንበብ የተጀመረው በሰሜን አውሮፓ ነው። በ1870ዎቹ ኖርዌጃዊው አክሴል ብሊት አንድ ነገር አስተዋለ። የረግረጉ ንብርብር አንዳንዱ የዛፍ ጉቶ አለበት፣ አንዳንዱ የለበትም። ጉቶ ያለበትን የደረቅ ዘመን፣ የሌለበትን የእርጥብ ዘመን አለው። በ1916 ደግሞ ስዊድናዊው ሌናርት ፎን ፖስት ከፒት ውስጥ የአበባ ብናኝ እየቆጠረ የድሮ ደን ምን ይመስል እንደነበር አሳየ። የአበባ ብናኝ ቅርፊቱ እጅግ ጠንካራ ነው። ሌላው ሁሉ ሲጠፋ እሱ ይቀራል። የዛፉ ዓይነትም በማይክሮስኮፕ ከቅርፊቱ ይለያል።

በእነሱ አገር ዋናው የረግረግ ተክል ስፋግነም ይባላል። ከራሱ ክብደት እስከ 20 እጥፍ የሚደርስ ውሃ የሚይዝ፣ አጭር፣ ለስላሳ ነገር ነው። አየርላንድና ስኮትላንድ ውስጥ ከዝናብ በቀር ሌላ ውሃ የማያገኙ ረግረጎች አሉ። ስለዚህ ዝናቡ ሲበዛ አንዱ የስፋግነም ዝርያ ይበረክታል፣ ሲያንስ ሌላው። ቅጠሉን ለይቶ መቁጠር የዝናቡን ታሪክ እንደመቁጠር ነው።

ይህን ዘዴ እንዳለ አንስቶ ጎጃም ላይ ማሳረፍ አያስኬድም። የእኛ ክረምት ዶፍ ነው። በጋችን ደግሞ ወራት የሚዘልቅ ደረቅ ነው። ስለዚህ ረግረጋችን በዝናብ ብቻ አይኖርም፤ ከምንጭ፣ ከወንዝ ወይም ከሐይቅ ይጠጣል። የሚበቅልበትም ሌላ ነው። ቄጠማ፣ እንግጫ፣ ደንገል። ሦስቱም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው።

ዝምድናቸውን ለማየት ማይክሮስኮፕ አያስፈልግም። ለዘመን መለወጫ እንግጫ ነቀላ የወጣች የጎጃም ልጅ አገዳውን በጣቶቿ መሃል አንከባላው ታውቃለች። አይንከባለልም፤ ጠርዝ አለው። ሦስት ጠርዝ። የደንገልም አገዳ እንዲሁ ነው። ከሰው ቁመት ሁለት እጥፍ በላይ ይረዝማል፣ ግን አግድም ሲቆረጥ ሦስት ማዕዘን ነው። ልጡን ሲገፉት ውስጡ ነጭ፣ ቀላል፣ አየር የሞላው ሆኖ ይገኛል። ታንኳን የሚያንሳፍፈው ይኸው አየር ነው። ከሥር ደግሞ የእጅ አንጓ የሚያህል፣ ጭቃ ውስጥ አግድም የሚሄድ ግንደ ሥር አለው። ፒት ሆኖ የሚቀረው አብዛኛው ይኼ የሥሩ ክፍል ነው።

ታንኳ የሚሠሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች ደንገል የት እንደሚታጨድ ያውቃሉ። ከዳር ነው። ጥልቁ ላይ ሄዶ ደንገል የሚያጭድ የለም፣ እዚያ አይበቅልምና። ሥሩ መሬት ይፈልጋል፣ ወይም ከዳር ተያይዞ የሚንሳፈፍ የሥር ምንጣፍ ይሠራል። የጥናቱ ዋና ክርክር የቆመው በዚህ ቀላል እውነት ላይ ነው። ደንገሉ የተገኘው መሃል ላይ ከሆነ፣ ያኔ መሃሉ ዳር ነበር።

ከሐይቁ ታች የወጣው

መጀመሪያ የመጣው ድምፅ ነው። ከጀልባ ላይ የድምፅ ሞገድ ወደ ታች ይላካል። ለስላሳውን ጭቃ አልፎ ይሄዳል፣ ጠንከር ያለ ነገር ሲያጋጥመው ተመልሶ ይመጣል። የተመለሰበት ሰዓት ጥልቀቱን ይነግራል። የጣና ወለል በዚህ መንገድ ሲታይ ደለሉ ጥልቅ ነው። በውስጡም ድምፁን አጠንክረው የሚመልሱ አራት ገጾች አሉ። ከአራቱ የላይኛው፣ በሐይቁ ዳር አካባቢ በተወሰዱ ናሙናዎች ሲረጋገጥ፣ ደርቆ የጠጠረ ደቃቅ ደለል ሆኖ ተገኘ።

የሐይቅ ጭቃ ውሃ ውስጥ ተኝቶ እንዲህ አይጠጥርም። ዋልካ መሬት ያረሰ ሰው በበጋ ምን እንደሚመስል አይነገረውም። ውሃው ሲወጣ አፈሩ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል፣ ይደነድናል። የሐይቅ ጭቃ ደግሞ አንዴ በዚህ መልክ ከተኮማተረ፣ ውሃ ቢመለስበትም እንደ ድሮው አይለሰልስም። ከላዩ በተጋደመው ለስላሳ ደለል ሥር ሆኖ ከብዙ ሺህ ዓመት በኋላም ድምፁን ይመልሳል።

በዚያ ጠንካራ ገጽ ላይ ቦይም ተቆርጦበታል። ከቦዩ ግራና ቀኝ ከፍ ከፍ ያለ የደለል ክምር አለ። ይህ የወንዝ ሥራ ነው። ወንዝ በክረምት ከአፉ ሞልቶ ሲፈስ ከዳርና ዳሩ ደለል ይጥላል፣ ክምሩ ከዓመት ዓመት ያድጋል። እንግዲህ ዛሬ መረብ የሚጣልበት ቦታ ያኔ ወንዝ መሬት ለመሬት የሚሄድበት ሜዳ ነበር ማለት ነው።

ቀጥሎ የመጣው ቱቦው ነው። ከሐይቁ በጣም ጥልቅ ክፍል 10 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የደለል ናሙና ተወሰደ። «አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» እንላለን። ጣና ግን ማደሪያ ነው። ግልገል አባይ ከሰከላ ጀምሮ እያጠበ ያመጣው ጭቃ አብዛኛው እዚሁ ይቀራል። 10 ሜትሩን ለ16,700 ዓመት ብናካፍለው በዓመት 0.6 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ሁሉም ዓመት እኩል አልጣለም፤ ግምቱ ግን ሥራው ምን ያህል ዝግ እንዳለ ያሳያል።

የናሙናው ታችኛ ጫፍ ላይ የተጠቀጠቀ ደለል አለ። በዚያ ላይ ፒት ተቀምጧል። ከፒቱ ጋር ደግሞ ዳያቶም አለ። ዳያቶም በዓይን የማይታይ፣ ቅርፊቱ ከሲሊካ የተሠራ፣ ውሃ ውስጥ የሚኖር ነገር ነው። አንዳንዱ ዓይነት በሰፊ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። አንዳንዱ ደግሞ ከተክል አገዳና ከድንጋይ ጋር ተጣብቆ ይኖራል። ከፒቱ ጋር የተገኘው ተጣባቂው ነው። ተጣባቂ ዳያቶም የሚጣበቅበት አገዳ ይፈልጋል፤ ፀሐይ የሚደርስበት ስስ ውሃም ይፈልጋል።

ይህ የደንገል ረግረግ ከ16,700 እስከ 15,100 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ቆየ። 1,600 ዓመት ማለት ነው። ከአክሱም ወርቃማ ዘመን እስከ ዛሬ ያለውን ጊዜ ያህላል። ያን ሁሉ ዘመን የጣና መሃል ሐይቅም ደረቅ ሜዳም አልነበረም። ረግረግ ነበር።

አሁን ወደ መጀመሪያው ነጥቤ ልመለስ። ከፒቱ በታች ያለው ደረቅ ደለል ስለ ራሱ ብዙ አያወራም። ድርቅ ሲበረታ የሚከማች ነገር የለም፤ ንፋስ ይጠርገዋል፣ ጎርፍ ይቆርጠዋል። መዝገቡ ላይ ባዶ ገጽ ይቀራል። ደንገሉ የጻፈው ከባዶው ገጽ ቀጥሎ ያለውን ነው። ደንገል ሲበቅል ውሃ መጥቷል ማለት ነው፣ ግን ገና አልሞላም። ስለዚህ የድርቁን ጫፍ ከደንገሉ ዕድሜ ላይ መፈለግ አይገባም። ከእሱ በፊት ነው። የደንገሉ ዕድሜ የሚነግረን ማገገሙ መቼ እንደጀመረና ለምን ያህል ጊዜ እንደተጎተተ ነው።

ጨዋማው ጣና

ከረግረጉ በኋላ ውሃው እየጨመረ ሄደ። እዚህ ላይ ነገሩ ይጥማል። በዚህ ጊዜ የተገኘው ዳያቶም ጨው የሚወድ ዓይነት ነው። ጣና ጥቂት ጨዋማ ሆኖ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ወንዞች ሁሉ ጥቂት ጨው ይዘው ይመጣሉ። ሐይቁ መውጫ ካለው ጨውም አብሮ ይወጣል። መውጫ ከሌለው ውሃው ይተናል፣ ጨው ይቀራል። ያኔ ጣና መውጫው ላይ ገና አልደረሰም፤ እንደ ሻላና እንደ አቢጃታ ዝግ ሐይቅ ነበር።

ከ14,750 ዓመት በፊት ግን ነገሩ በድንገት ተቀየረ። ጨው ወዳዱ ዳያቶም ጠፋ፣ የንጹህ ውሃው መጣ። ሐይቁ ሞልቶ በዛሬዋ ባሕር ዳር በኩል ወደ አባይ ፈሰሰ። 1,600 ዓመት በረግረግነት የተጎተተው ነገር መጨረሻው ላይ ፈጠነ። (በነገራችን ላይ በዚህ ሙያ «ከዛሬ በፊት» ሲባል ዛሬ ማለት እ.ኤ.አ. 1950 ነው። ለእንዲህ ያለ ርቀት የሚያመጣው ለውጥ የለም።)

እውነት ነው ወይ?

እንዲህ ያለ ነገር ሲነገር መጠርጠር ደግ ነው። እኔ መጀመሪያ የጠረጠርኩት ተንሳፋፊውን ደንገል ነው። ደንገል በማዕበል ከዳር ተገንጥሎ እንደ ደሴት እየተንሳፈፈ ይሄዳል። መሃል ደርሶ ቢሰምጥስ? ፒቱ ብቻውን ተገኝቶ ቢሆን ይህ ጥያቄ ክርክሩን ያናጋው ነበር። ግን ብቻውን አይደለም። ከሥሩ የጠጠረ ደለል አለ፣ አብሮት ተጣባቂ ዳያቶም አለ፣ ድምፁ ያሳየው የወንዝ ቦይ አለ። ሰምጦ የመጣ ደንገል መሬት አያደርቅም፣ ቦይም አይቆርጥም።

ሁለተኛው ጥርጣሬ ከበድ ይላል። ምናልባት ዝናብ አልቀነሰ ይሆናል። ምናልባት መውጫው በጥልቀት ተቆርጦ ሐይቁ ፈስሶ አልቆ ይሆናል። ጣና ራሱ በደቡብ በኩል በቀዘቀዘ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገደበ ሐይቅ ነው። ግድብ ደግሞ ይቦረቦራል። ይህን የሚመልሰው ጨው ነው። መውጫው ተቦርቡሮ የፈሰሰ ሐይቅ ጨው አያጠራቅምም፤ ጨው ያጠራቀመው መውጫው ከውሃው በላይ ስለነበረ ነው። የጎደለው የሚመጣው ውሃ ነው።

ሦስተኛው ዕድሜው ነው። ካርቦን 14 ተክሉ ከሞተ በኋላ እየተመናመነ የሚሄድ የካርቦን ዓይነት ነው፤ በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ ይቀንሳል። ከ16,700 ዓመት በኋላ መጀመሪያ ከነበረው ከ100 እጅ 13 ያህሉ ብቻ ይቀራል። ይህ በዘመናዊ መሣሪያ በደንብ የሚለካ መጠን ነው። ሐይቅ ጭቃ ሲለካ ግን አንድ ወጥመድ አለ። ከመሬት ታጥቦ የመጣ ያረጀ ካርቦን ይቀላቀልና ዕድሜውን ከእውነቱ ያስረዝመዋል። ደንገል በዚህ ረገድ ይመቻል። አናቱ አየር ላይ ነው፣ ካርቦኑን የሚወስደው ከአየሩ ነው።

ደንገል ሌላ ወጥመድ ግን ይዞ ይመጣል፣ ጎጃም ላይ እንዲህ ያለ ሥራ ለሚያስብ ሰው ልንገረው። ደንገል ካርቦን የሚይዝበት መንገድ እንደ ጤፍ፣ እንደ በቆሎና እንደ ማሽላ ነው። የዛፍ ቅጠል በሌላ መንገድ ይይዛል። ስለዚህ የጭቃውን የካርቦን ዓይነት ብቻ ለክቶ «አሃ፣ ደኑ ጠፍቶ የቆላ ሣር ተስፋፍቶ ነበር» የሚል ሰው ሊሳሳት ይችላል። ሣሩ ደንገል ቢሆንስ? ደረቅ ሜዳና ረግረግ በአንድ ቁጥር ይምታታሉ። መፍትሔው የተክሉን ቅሪት ራሱን በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። አሰልቺ ነው፣ ግን መተኪያ የለውም።

ዝናቡ የት ሄደ?

የጎጃምን ክረምት የሚያመጣው የዝናብ ቀበቶ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ወደ ሰሜን ወጥቶ እኛ ላይ ይሰፍራል፣ ከዚያ ወደ ደቡብ ይመለሳል። ጣና በደረቀበት ዘመን ከሰሜን አሜሪካ ትልቅ የበረዶ ንጣፍ ላይ እየተገነጠሉ ግግሮች ወደ ሰሜን አትላንቲክ ይጎርፉ ነበር። ባለሙያዎቹ ዘመኑን ሃይንሪክ 1 ይሉታል። በረዶው ሲቀልጥ የባሕሩን ላይ ቀዝቃዛና ጨዉ የሳሳ አደረገው። ሙቀት ወደ ሰሜን የሚወስደው የውቅያኖስ ጅረት ደከመ። የዝናቡ ቀበቶም ተዳከመ፣ ወደ ደቡብ ሸሸ።

የደረቀው ጣና ብቻ አለመሆኑ ይህን ያጠናክራል። ቪክቶሪያ ሐይቅም እስከ 15,000 ዓመት በፊት ድረስ ደረቅ ነበር፣ ወደ ናይል መፍሰስ የጀመረውም ከ14,500 ዓመት በፊት ነው። ሁለቱ ሐይቆች ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ተራርቀው በአንድ ዘመን ደረቁ፣ በአንድ ዘመን ሞሉ። ይህን የሚያክል ነገር የአንድ አካባቢ ጉዳይ አይሆንም።

ይህን ለባሕር ዳር ሰው ስትነግረው ቀድሞ የሚጠይቅህ «ታዲያ አባይስ?» ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ መልሱም ብዙዎች እንደሚገምቱት አይደለም። ዛሬ ሱዳን ድንበር ከሚደርሰው የአባይ ውሃ ከጣና የሚወጣው ከ10 እጅ አንዱን አይሞላም። የቀረው ከበሸሎ፣ ከጀማ፣ ከሙገር፣ ከዴዴሳ፣ ከዳቡስ፣ ከጎጃም በኩል ደግሞ ከጨሞጋ፣ ከተምጫ፣ ከብር፣ ከበለስ ይመጣል። ስለዚህ ጣና መውጫው ቆመ ማለት አባይ ቆመ ማለት አይደለም። ክረምት ክረምት በጎርፍ የሚሄድ፣ በጋ ላይ የሚመነምን ወንዝ ሆኖ መገመቱ የተሻለ ነው። ግን ጣናን ያደረቀው የዝናብ ማነስ ለጨሞጋና ለብር አይራራም። ጮቄ ላይ ሳይዘንብ ከጮቄ የሚወርድ ወንዝ አይኖርም።

ጣና ለመድረቅ ምን ያህል ቅርብ ነው ለሚል ሰው አንድ የጣት ስሌት ላምጣ። ከሐይቁ ላይ በዓመት 1.6 ሜትር ያህል ውሃ ይተናል። አማካይ ጥልቀቱ 8 ሜትር ገደማ ነው። ዝናቡም ወንዙም ጭራሽ ቢቆሙ ሐይቁ በአምስት ስድስት ዓመት ያልቃል። እንዲህ አይቆሙም፣ ስሌቱ ለማስፈራራት አይደለም። የሚያሳየው ጣና ሰፊ ቢሆንም ስስ መሆኑን ነው። 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ሰሃን ላይ የተዘረጋ ውሃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የሐይቁ ውሃ ወርዶ መርከብ ለወራት ቆሞ ነበር። የወረደው ግን ከጥልቀቱ ጥቂቱ ነው። ያኔ ውሃው በሸሸበት ዳርቻ ላይ ደንገሉ ተጎድቷል፣ እርሻም ገብቶበታል።

ስለ ዓሣውም አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። ጣና ውስጥ ከ15 የሚበልጡ የባርበስ ዝርያዎች አሉ፣ አብዛኞቹ ሌላ ቦታ የሉም። ሐይቁ ከ16,700 ዓመት በፊት ረግረግ ከነበረ እነዚህ ዝርያዎች ወይ ከዚያ ወዲህ ተለያዩ፣ ወይ ደግሞ ወንዞቹ ውስጥ ተጠግተው ክፉውን ቀን አሳለፉ። ለዝርያ መፈጠር 15,000 ዓመት ዓይን ጨፍኖ መክፈት ነው። የደለሉ ታሪክ ለዓሣ ተመራማሪው እንዲህ ያለ የቤት ሥራ ይሰጠዋል።

ከደንገሉ በኋላ

በዚያው ደለል ላይ ሌሎች ሥራዎች ተከትለዋል። በ2011 የወጣው ጥናት የደለሉን ማግኔትነትና ኬሚስትሪ ተጠቅሞ ከዚያ በኋላ የመጡ ድርቆችን ተከታተለ። ከእነሱ አንዱ ከ4,200 ዓመት በፊት ገደማ የነበረው ነው። ጊዜው የግብፅ ብሉይ መንግሥት ከፈረሰበት ጋር ይገጥማል። እዚህ ላይ እኔ ቆጠብ እላለሁ። መንግሥት የሚፈርሰው ወንዝ ስላነሰ ብቻ አይደለም።

በ2014 ደግሞ የቅጠል ሰም መጣ። ቅጠል ከላዩ ቀጭን ሰም አለው። ያ ሰም ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን ተክሉ ከጠጣው ዝናብ የመጣ ነው። ቅጠሉ ከጠፋ በኋላ ሰሙ ጭቃ ውስጥ ይቆያል፣ ዝናቡ ምን ዓይነት እንደነበረም ይናገራል። አሁንም ተክል ነው እንግዲህ። ልዩነቱ ደንገሉ ራሱ ቦታው ላይ የበቀለ መሆኑ ነው። ሰሙ ከየትኛውም የተፋሰሱ ጥግ ታጥቦ ሊመጣ ይችላል። ለሰፊው ዝናብ ሰሙን፣ ለሐይቁ ጥልቀት ደንገሉን ማመን ይሻላል ባይ ነኝ።

ጎጃም ውስጥ እንዲህ የሚነበብ ቦታ ጣና ብቻ መሆን የለበትም። ሰከላ የሚገኘው የግሽ አባይ ምንጭ ራሱ ረግረግ ላይ ነው። ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ሲደርስም ረግረግ ነበር። ጮቄ ላይ ከ3,500 ሜትር በላይ ጓሳና ጅብራ ባለበት አካባቢ ዓመቱን ሙሉ የማይደርቁ እርጥብ ሜዳዎች አሉ። የተራራ ረግረግ ጣና የማይነግረንን ይነግራል። አስታ ወደ ላይ ወጥቶ ነበር ወይስ ወደ ታች ወርዶ? ይህ የሙቀት ጥያቄ ነው፣ የአበባ ብናኝ ይመልሰዋል። ባሌ ላይ ጋርባ ጉራቻ ከተባለው ሐይቅ በተወሰደ ደለል ይህ ተሠርቷል፣ እዚያም መሐመድ ዑመር ነበሩበት። ረግረግ ግን ቦይ ተቀዶለት ከደረቀ አየር ይገባዋል። አየር ከገባው በሺህ ዓመት የተከማቸው ነገር በጥቂት ዓመታት ይበሰብሳል። እምቦጭ የጣና ዳርን ሲወርር ሁሉም ተንጫጫ፣ መንጫጫትም ነበረበት። ለግጦሽና ለእርሻ ተብሎ ቦይ ለሚቀደድበት ረግረግ የሚንጫጫ ግን አላየሁም።

የ2007ቱ ጥናት ሁለት ነገር ሳይቋጭ ትቷል። ከ12,000 እና ከ8,000 ዓመት በፊት ገደማ ሐይቁ እንደገና ጎድሎ የነበረ ይመስላል፣ የመጀመሪያውን ያህል ግን አይደለም። ጸሐፊዎቹ ራሳቸው እነዚህን ዕድሜዎች በግምት ነው የሰጡት። ሌላው ከሥር ያለው ነው። ድምፁን ከሚመልሱት አራት ገጾች ደረቅ መሬት መሆኑ በናሙና የተረጋገጠው የላይኛው ነው። ከእሱ በታች ሦስት አሉ። በ2018 «ሳይንቲፊክ ሪፖርትስ» ላይ የወጣ ሌላ የላምብና የባልደረቦቻቸው ጥናት የጣናን ደለል 150,000 ዓመት ወደ ኋላ አንብቧል። ጣና የደረቀው አንዴ ብቻ ነው ብሎ የሚወራረድ ካለ እኔ ገንዘቤን አላስይዝም።